ምክር ከመስጠት አስቀድሞ ጥበብን ከእግዚአብሔር ስለ መለመን

በደብራችን የ50 ዓመት በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ክቡራን አባቶቼ ካህናት ሆይ፤ የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ ምእመናን ሆይ፤

ይህች ቤተ ክርስቲያን ከተመሠረተች 50 ዓመት ስለ ሞላት፥ ያለፈውን ዘመን ለማሰብና አምላካችንን ለማመስገን ዛሬ በአንድነት ተሰብስበናል። በበዓሉ ላይ አንድ ቃል እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ አስቀድሜ ያሰብሁት ስለ ሕንፃው፥ ስለ ጕልላቱና ስለ ደወሉ ለመናገር ነበር። ዳሩ ግን ስለ እነዚህ ነገሮች ከእኔ ይልቅ አብልጠው የሚያውቁ ሽማግሎች ተናግረዋል። ስለዚህ እኔ በዐይን ስለማይታየው፥ ነገር ግን በእነዚህ 50 ዓመታት በዚህ ደጅ ሳይቋረጥ ሲሰጥ ስለ ኖረው ነገር ለመናገር ወደድሁ፤ ይኸውም ምክር ነው።

በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተጻፈው ኢዮቤልዩ የሚባለው 50ኛው ዓመት ነው። በሰባተኛው ወር በ10ኛው ቀን፥ በማስተስረያው ዕለት ቀንደ መለከት ይነፋል፤ ራሱን ለሌላ የሸጠው ነጻ ይወጣል፤ የተሸጠው ርስትም ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። እንግዲህ ኢዮቤልዩ የደስታ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ የራሳችን ያልሆነውን ነገር ለባለቤቱ የምንመልስበት ጊዜም ነው። እኔም ዛሬ መጠየቅ የምሻው ይህን ነው፤ እንደ ራሳችን ገንዘብ አድርገን ስንሰጠው የኖርነው ምክር ባለቤቱ ማን ነው?

በአገራችን ሰው ነገር ሲጠብበው ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። ባልና ሚስት ሲጣሉ የንስሐ አባት ይጠራል። ወንድማማች ስለ አባታቸው ቤት ሲካሰሱ ሽማግሎች ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ልጅ ከወላጁ ጋር ሳይስማማ ሲቀር የክርስትና አባቱ ይለመናል። በሰንበቴና በጽዋ ማኅበር፥ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ፥ ከቅዳሴም በኋላ በደጀ ሰላሙ፥ በየዕለቱ አንዱ ሌላውን «ምን ላድርግ?» ብሎ ይጠይቃል። በሩቅ አገር ያሉ ልጆቻችንም ይህንኑ ጥያቄ በስልክ ይጠይቁናል።

ይህ ጥያቄ ቀላል መስሎ ይታያል። ነገር ግን «ምን ላድርግ?» የሚለን ሰው ከሕይወቱ አንዱን ክፍል ቈርሶ በእጃችን ላይ አኑሮታል። አደራ ያለን ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ቈጥረን በተቀበልን፥ ምስክር በጠራን፥ በሣጥን በቈለፍን ነበር። የሰውን ኑሮ በአደራ ስንቀበል ግን ብዙ ጊዜ አንቈጥርም፤ እንዲያውም ጠያቂው ነገሩን ተናግሮ ሳይፈጽም መልሳችን ከአፋችን ይወጣል።

የሌላውን በደል ከመናገር የራስን መናገር ይሻላልና አስቀድሜ የራሴን ልናገር። የምነግራችሁ ነገር በንስሐ የተነገረ ምሥጢር አይደለም፤ በደጅ የተነገረ ነው። ባለቤቲቱም ለሌላው ትምህርት ይሁን ብላ፥ ስሟን ሳልጠራ እንድናገረው ፈቅዳልኛለች።

ከ12 ዓመት በፊት በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለተዝካር ተጠርቼ በችኮላ ስወጣ፥ አንዲት የ19 ዓመት ልጅ በደጀ ሰላሙ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። መስቀል ከተሳለመች በኋላ «አባቴ፥ ወደ ዐረብ አገር ሄደሽ ሥሪ ብለውኛል፤ ምን ይመክሩኛል?» አለችኝ። እኔም አንድ እግሬን ከደጁ ውጭ እንዳደረግሁ «ልጄ፥ አባትና እናትን መርዳት በረከት ያሰጣል፤ ሂጂ፥ እግዚአብሔር ይከተልሽ» አልኋት። እርስዋም ራስዋን ዝቅ አድርጋ «እሺ» አለችና ሄደች። ነገሩ ሁሉ የፈጀው ጊዜ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ከሚደገምበት ጊዜ ያነሰ ነበር። እውነቱን ለመናገር፥ ወደ ተዝካሩ ስሄድ መልካም ቃል እንደ ተናገርሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከ4 ዓመት በኋላ ተመለሰች። አንድ እጅዋ ተሰብሮ በደንብ ሳይጠገን ቀርቶ ነበር፤ የመጨረሻውን ዓመት ደመወዟንም አልከፈሏትም። ልጠይቃት ወደ ቤታቸው በሄድሁ ጊዜ ቡናውን አቅርባ ከጨረሰች በኋላ፥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፤ «አባቴ፥ ያን ቀን የመጣሁት ‹ቆይ፥ ወላጆችሽን ላነጋግር› እንዲሉኝ ነበር። ለመምህርነት ትምህርት ተቀብለውኝ ነበር። ነገር ግን በቤታችን ከደላላው ብድር ስለ ተወሰደ፥ ነገሩን እኔ አስቀድሜ መግለጥ ፈራሁ። ቢጠይቁኝ ኖሮ ሁሉን እነግርዎ ነበር።»

ቢጠይቁኝ ኖሮ! ይህች ቃል እስከ ዛሬ ድረስ ከጆሮዬ አልጠፋችም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ለዚያች ልጅ የተናገርሁት ቃል በራሱ ሐሰት አልነበረም። አባትንና እናትን ማክበር ከዐሥሩ ትእዛዛት አንዱ ነው። ስሕተቴ እውነተኛውን ቃል ለማን፥ በምን ጊዜ፥ ስለ ምን ነገር እንደምናገረው ሳልጠይቅ መናገሬ ነው። መድኃኒት መልካም ነው፤ ሕመሙን ሳይጠይቅ መድኃኒት የሚሰጥ ሰው ግን ከመርዝ ሻጭ ብዙ አይለይም። ልጅቱን አልጠየቅኋትም፤ እግዚአብሔርንም አልጠየቅሁትም። በኋላ ሳስበው እነዚህ ሁለቱ ጉድለቶች አንድ ሥር እንዳላቸው አገኘሁ። «እኔ አላውቅም» ብሎ ወደ እግዚአብሔር የሚለምን ሰው፥ ጠያቂውንም «እኔ አላውቅምና ንገረኝ» ለማለት አያፍርም። አውቃለሁ ብሎ የተነሣ ግን ሁለቱንም አይጠይቅም።

ይህ ስሕተት በእኔ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ በነቢይ ስንኳ ደርሷል። በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል በ7ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ ንጉሥ ዳዊት እርሱ በዝግባ ቤት ተቀምጦ የእግዚአብሔር ታቦት በመጋረጃ ውስጥ መሆኑን አይቶ አዘነ፤ ቤተ መቅደስም ለመሥራት አስቦ ለነቢዩ ለናታን ነገረው። ናታንም ወዲያው፥ እግዚአብሔር ከአንተ ጋር ነውና በልብህ ያሰብኸውን ሁሉ አድርግ አለው። ከዚህ የበለጠ መልካም ምክር ማን ሊሰጥ ይችላል? መካሪው ነቢይ ነው፤ ተመካሪው ጻድቅ ንጉሥ ነው፤ የታሰበውም ሥራ ቤተ መቅደስ ነው። ነገር ግን ናታን አልጠየቀም ነበር። በዚያችም ሌሊት የእግዚአብሔር ቃል ወደ እርሱ መጥቶ፥ ቤቱን የሚሠራው ዳዊት ሳይሆን ከእርሱ የሚወለደው ልጁ እንደ ሆነ አስታወቀው። እንግዲህ የሥራው ቅድስና፥ የጠያቂው ደግነት፥ የመካሪውም ማዕርግ፥ ሦስቱ ተሰብስበው ስንኳ ከመጠየቅ የማያድኑ ከሆነ፥ እኛ ምን ተማምነን ነው ሳንጠይቅ የምንመክረው?

ምናልባት አንድ ሰው «መጽሐፍ አለን፥ ሥርዓት አለን፥ የአባቶች ትምህርት አለን፤ ሕጉን አንሥቶ መናገር ይበቃል» ይል ይሆናል። ሕጉማ መሠረት ነው፤ ከሕጉ የሚወጣ ምክር ምክር አይደለም። ዳሩ ግን ሕጉ «አትስረቅ» ይላል እንጂ «ይህን ቤት ሽጥ፥ ይህንን አትሽጥ» አይልም። ይህም በደንብ እንዲታወቅ ስለ አንዲት አገር፥ ስለ ግብፅ፥ በቅዱሳት መጻሕፍት የተጻፈውን እንመልከት።

በይስሐቅ ዘመን በምድር ላይ ረኃብ ሆነ፤ እግዚአብሔርም ለይስሐቅ ተገልጦ ወደ ግብፅ እንዳይወርድ ነገረው። በልጁ በያዕቆብ ዘመን ደግሞ ረኃብ ሆነ። ያዕቆብ ልጁ ዮሴፍ በሕይወት እንዳለ ሰምቶ፥ የፈርዖንም ሠረገላዎች ሊወስዱት መጥተው ሳሉ፥ በቤርሳቤህ ቆሞ መሥዋዕት ሠዋ፤ በሌሊትም ራእይ ወደ ግብፅ ለመውረድ እንዳይፈራ ተነገረው። ከብዙ ዘመንም በኋላ ኢየሩሳሌም በጠፋች ጊዜ የተረፉት ሰዎች ወደ ግብፅ እንዳይሄዱ በኤርምያስ አፍ ተከለከሉ። በሐዲስ ኪዳን ግን ለጻድቁ ዮሴፍ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ግብፅ እንዲሸሽ መልአክ በሕልም አዘዘው፤ ይህንንም ስደት እኛ በየዓመቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው በወርኀ ጽጌ ለ40 ቀን እናስበዋለን።

እነሆ አገሪቱ አንዲት ናት፤ እግዚአብሔርም አንድ ነው፤ ምክሩ ግን ለአንዱ ሂድ፥ ለሌላው ቅር ሆነ። የአባት ምክር ለልጁ ስንኳ አልሆነም፤ ያዕቆብ «አባቴ ይስሐቅ እንዳይሄድ ተነግሮታልና እኔም አልሄድም» ቢል ኖሮ በረኃብ ባለቀ ነበር። እንግዲህ ስደት ሁሉ ክፉ ነው፥ ወይም ስደት ሁሉ መልካም ነው ብሎ የሚመክር ሰው እውነቱን አላገኘም። ልጆቻችን ወደ ሩቅ አገር ልሂድን ብለው ሲጠይቁን፥ በጎረቤቱ ልጅ የደረሰውን ደስታ ወይም ኀዘን አንሥተን ልንመልስ አይገባንም። ይህ ልጅ፥ በዚህ ዓመት፥ ከዚህ ቤት፥ ስለ ምን ይሄዳል? ይህን የሚያውቀው ልብን የመረመረ አምላክ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከእርሱ ሳንለምን መናገር አይገባም።

ስለ ነቢዩ ኤርምያስ ካነሣሁት ጥቂት ልጨምር፤ ምክንያቱም የእርሱ ጥያቄና የዚያች ልጅ ጥያቄ አንድ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ዓመት ገደማ ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሰዎች እጅ ከጠፋች በኋላ፥ በአገሩ ላይ የተሾመው ጎዶልያስ ተገደለ። የቀሩትም ሰዎች ፈርተው ወደ ግብፅ ለመሸሽ በቤተ ልሔም አጠገብ ሰፈሩ። ከዚያም የቃሬያ ልጅ ዮሐናንና ሕዝቡ ሁሉ ወደ ኤርምያስ ቀርበው የሚሄዱበትን መንገድ ከእግዚአብሔር እንዲጠይቅላቸው ለመኑት። ኤርምያስ በዚያን ጊዜ ሽማግሌ ነቢይ ነው፤ ከ40 ዓመት የሚበልጥ ጊዜ አገልግሏል፤ ስለ ግብፅም አስቀድሞ ብዙ ተናግሯል። በልቡ መልስ አልነበረውም ለማለት አይቻልም። ነገር ግን እጸልያለሁ አላቸው፤ መልሱም የመጣው ከ10 ቀን በኋላ ነው።

እነዚያን 10 ቀናት አስቡአቸው። ሕዝቡ በፍርሃት ተጨንቋል፤ የጠላት ሠራዊት ይመጣብናል ብሎ ያስባል፤ ጓዙ ተጭኗል፤ በየማለዳውም «ምን አለህ?» እያለ ነቢዩን ሳይጠይቀው አልቀረም። ኤርምያስ ግን የራሱን አሳብ የእግዚአብሔር ቃል አስመስሎ አልሰጣቸውም። 10 ቀን ሙሉ እንደማያውቅ ሰው ሆኖ ተቀመጠ። የነቢይ ድፍረት የሚታየው በነገሥታት ፊት ሲናገር ብቻ አይደለም፤ በተጨነቀ ሕዝብ ፊት ገና አልተነገረኝም ብሎ ዝም ሲልም ይታያል። በመጨረሻም መልሱን በነገራቸው ጊዜ አልወደዱትም፤ እርሱንም ጨምረው ወደ ግብፅ ይዘውት ወረዱ። ስለዚህ በጸሎት የተገኘ ምክር ሁልጊዜ ተቀባይ ያገኛል ማለት አይደለም፤ መካሪው የሚጠየቀው ስለ ታማኝነቱ ነው።

እንግዲህ እንዴት እንጠይቅ? እኔ ከስሕተቴ የተማርሁትን በአምስት ክፍል ልናገር።

አንደኛው መስማት ነው። ሰሎሞን በገባዖን 1,000 መሥዋዕት ካቀረበ በኋላ ምን ልስጥህ ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ የለመነው የሚሰማና የሚለይ ልብ ነበር። ወዲያውም በፊቱ የቆሙት በአንድ ሕፃን የተካሰሱት ሁለት ሴቶች ናቸው። እርሱም ሰይፍ አምጡልኝ ከማለቱ አስቀድሞ የአንደኛዋን ቃል ደገመ፥ የሁለተኛዋንም ቃል ደገመ። ከእግዚአብሔር የተሰጠው ጥበብ መጀመሪያ የታየው የሰውን ቃል ሳያጐድል በመስማቱ ነው። እኛም ከመምከራችን በፊት የጠያቂውን ነገር መልሰን ብንነግረውና «እንዲህ ነው ያልኸኝ?» ብንለው ብዙ ስሕተት ይቀራል። የኢዮብ ሦስት ወዳጆች 7 ቀንና 7 ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ እውነተኛ ወዳጆች ነበሩ፤ አፋቸውን ከፍተው ሕመሙን በበደሉ ምክንያት የመጣ ባደረጉት ጊዜ ግን የእግዚአብሔር ቍጣ መጣባቸው፤ በመጨረሻም የኢዮብን ጸሎት የሚሹ ሆኑ።

ሁለተኛው የራስን ልብ መመርመር ነው። መጽሐፈ ሲራክ በ37ኛው ምዕራፍ ለራሱ ጥቅም ከሚመክር መካሪ እንድንጠበቅ ያስጠነቅቃል። ይህንን ስናነብ ሌላ ሰው እንፈልጋለን፤ ነገር ግን መጀመሪያ ራሳችንን እንፈልግ። ሽማግሌ ሆነን ስንቀመጥ ከሁለቱ ባለ ጉዳዮች አንዱ ዘመዳችን ወይም ባለውለታችን አይደለምን? «ታገሺ» ስንል ለእርስዋ ብለን ነው ወይስ የቤቱ ነውር እንዳይወጣ ብለን ነው? «ሂድ» ስንልስ ከምንጠብቀው ስጦታ የተነሣ አይደለምን? እኔ ያን ቀን የመከርሁት ስለ ተዝካሩ ሰዓት እንጂ ስለ ልጅቱ አልነበረም። ችኮላም ራሱ ጥቅም ፍለጋ ነው።

ሦስተኛው ጸሎት ነው። ጸሎቱ ረጅም መሆን የሚገባው ጊዜ አለ፤ አጭር የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ዳንኤል የንጉሡን ሕልም እንዲናገር በተጠየቀ ጊዜ ቀን ለመነ፤ ከሦስቱ ባልንጀሮቹም ጋር ስለ ምሥጢሩ ምሕረትን ለመኑ፤ ብቻውን ዐዋቂ ለመሆን አልፈለገም። ነህምያ ግን በንጉሥ አርጤክስስ ፊት የወይን ጽዋ ይዞ ቆሞ ሳለ ምን ትለምናለህ ተባለ፤ በጥያቄውና በመልሱ መካከል ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ። ይህ ጸሎት ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም ነበር። ስለዚህ «ለጸሎት ጊዜ የለኝም» የሚል መካሪ ምክንያት የለውም። የያዕቆብም መልእክት፥ ጥበብ የጐደለው ሰው ሳይነቅፍ በልግስና ከሚሰጥ አምላክ ይለምን ዘንድ ያስተምራል። ይህም ለእኔ ታላቅ መጽናናት ነው፤ እግዚአብሔር «አንተ 40 ዓመት ቀድሰህ ይህን አታውቅምን?» ብሎ አይነቅፈኝምና።

አራተኛው አለማወቅን መግለጥ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በኒትርያ በረሃ የነበረው አባ ጳምቦ ሰዎች ነገር ሲጠይቁት ወዲያው አይመልስም ነበር፤ መልሱን ገና አላገኘሁትም ይል ነበር። ብዙ ጊዜም 3 ወር ሙሉ ሳይመልስ ይቈይ እንደ ነበር ታሪኩ ይነግረናል። በእኛ ዘንድ ግን ካህን ወይም ሽማግሌ «አላውቅም» ካለ የተዋረደ ይመስለዋል። ወንድሞቼ ሆይ፥ የሚያዋርደው ሳያውቁ መናገር ነው። ነገሩ የሕመም እንደ ሆነ ወደ ሐኪም መላክ፥ የሕግ እንደ ሆነ ሕግ ወደሚያውቅ ሰው መላክ ከእምነት መጕደል አይደለም። ያው ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው፥ መድኃኒትንም ከምድር እንዳወጣ ያስተምራልና። ወደሚያውቅ ሰው መላክም ራሱ ከላይ የተሰጠ ምክር ሊሆን ይችላል።

አምስተኛው የእግዚአብሔርን ስም በራስ አሳብ ላይ አለማተም ነው። ንጉሡ አክዓብ ወደ ሬማት ዘገለዓድ ለጦርነት ልውጣን ብሎ በጠየቀ ጊዜ 400 ያህል ነቢያት በአንድ ቃል ውጣ አሉት፤ የእግዚአብሔርንም ስም ጠሩ። እውነቱን የተናገረው የይምላ ልጅ ሚክያስ ብቻ ነበር፤ አክዓብም በዚያ ጦርነት ሞተ። እንግዲህ ስሙን መጥራት፥ በቍጥርም መብዛት ምክርን እውነተኛ አያደርገውም። እኛም ከጸለይን በኋላ ሰዎች መሆናችን አይቀርም። ስለዚህ «እግዚአብሔር ነግሮኛልና እንዲህ አድርግ» ከማለት ይልቅ «ጸልየንበታል፤ ለእኔ የታየኝ ይህ ነው፤ አንተም ጸልይበት» ማለት ይሻላል። እንዲህ ያለው መካሪ የጠያቂውን ነጻነት አይወስድበትም።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ይህን ሁሉ ስናገር፥ ምክርን በጸሎት ስም እያዘገየን ሰውን እንድንጐዳ አይደለም። የምትደበደብ ሴት ወደ ደጃችን ብትመጣ፥ የታመመ ሕፃን ቢያመጡልን፥ ራሱን ሊያጠፋ ያሰበ ወንድም ቢነግረን፥ 10 ቀን ቈይ አይባልም። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ማዳን ነው፤ ይህም አስቀድሞ ታዟል። ደጉ ሳምራዊ በመንገድ የወደቀውን ሰው ባየ ጊዜ ቍስሉን አሰረለት እንጂ ልርዳው ወይስ ልተወው ብሎ ምክር አልጠየቀም። እግዚአብሔር በግልጥ ያዘዘውን ነገር ለማድረግ እንፍጠን፤ እርሱ ያልገለጠልንን ነገር ለመናገር ግን እንዘግይ። ብዙ ጊዜ እኛ የምናደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ለመርዳት እንዘገያለን፥ ለመምከር እንፈጥናለን።

አሁን ወደ ናታን ልመለስ። የናታን ታላቅነት ባለመሳሳቱ አይደለም፤ በማግሥቱ በመመለሱ ነው። ለንጉሥ የተናገሩትን ቃል ማፍረስ ቀላል አይደለም፤ ዳዊት ደስ ብሎት አድሯል። ናታን ግን ስለ ክብሩ ሳያስብ ወደ ንጉሡ ሄዶ የሰማውን ቃል ሁሉ አንድም ሳያስቀር ነገረው። ዳዊትም አልተቈጣም፤ ገብቶ በእግዚአብሔር ፊት ተቀምጦ አመሰገነ እንጂ። ሳንጠይቅ መክረን የነበርን ሁሉ ይህ መንገድ ተከፍቶልናል። ያለፈው ሌሊት ለናታን ከበቃው፥ የቀረው ዕድሜያችን ለእኛ ይበቃናል።

እኔም ያችን ልጅ ከሰማኋት በኋላ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግሥቱ ተመልሼ ሄድሁ፤ በአባትዋና በእናትዋ ፊት ቆሜ «ልጄ፥ ሳልጠይቅሽ መከርሁሽ፤ ይቅር በይኝ» አልኋት። ለሰው ሁሉ እግዚአብሔር ይፍታህ ስል የኖርሁ እኔ፥ ያን ቀን መፈታትን ከእርስዋ የምሻ ሆንሁ። እርስዋም ተነሥታ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለችኝ። አባትዋም የተናገረው ቃል አልነበረም፤ ጋቢውን ወደ ፊቱ ስቦ አለቀሰ። እጅዋ እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ የጠፋውም 4 ዓመት አልተመለሰም። ትምህርቷን ግን ዘግይታም ቢሆን ጀመረች። እኔ ከዚያን ጊዜ ወዲህ፥ ፈጥኖ መድረስ የሚያስፈልገው ካልሆነ በቀር፥ ቆሜ የምመልሰው የምክር ጥያቄ የለም። ጠያቂውን ተቀመጥ እለዋለሁ፤ እጠይቀዋለሁ፤ ከዚያም ሦስት ቀን እንድንጸልይ እለምነዋለሁ። አንዳንዱ በሦስተኛው ቀን ሲመጣ መልሱን እርሱ ራሱ አግኝቶት ይመጣል፤ እኔም ደስ ይለኛል።

ክቡራን አባቶቼና ወንድሞቼ እኅቶቼ ሆይ፤ ይህች ቤተ ክርስቲያን በ50 ዓመት ውስጥ ስንት ጥያቄ በደጅዋ እንደ ቀረበ የጻፈው የለም። ብዙው ምክር ቤት አቅንቷል፤ ስለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። ጥቂቱም ቤት አፍርሶ ይሆናል፤ ስለዚህ ይቅር ይበለን። ኢዮቤልዩ ርስት ወደ ባለቤቱ የሚመለስበት ዓመት ከሆነ፥ እኛም ዛሬ ምክርን ወደ ባለቤቱ እንመልስ። ከዛሬ ጀምሮ ሽማግሎች ለዕርቅ ስንቀመጥ፥ አባቶች ልጆቻችንን ስናጽናና፥ እናቶችም ሙሽሮችን ስትመክሩ፥ አስቀድመን ጠያቂውን እንስማ፥ እግዚአብሔርንም እንለምን። ሳንጠይቅ የመከርነው ሰው በሕይወት ካለ፥ ይህ በዓል ሳያልፍ ወደ ቤቱ እንሂድ።

የጥበብ ባለቤት እግዚአብሔር ለምናማክራቸው ልጆቹ የሚሰማ ልብ፥ የሚታገሥም አንደበት ይስጠን። ይህችን ደብር ለሚመጣው ትውልድ ይጠብቅልን፤ በደጅዋ ቆሞ «ምን ላድርግ?» የሚለውንም ሰው ሳይሰማ የሚመልሰው አይኑር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።